ክራር መቺ ነኝ፣ ማንዶሊን ይሻለኛል ወይስ ባንጆ?

ሰላም ወንድሜ እንዴት ነህ። ሌላውም ሰው እንዲገባው ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ጎንደር ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው ምትኖረው፣ ክራር ከልጅነትህ ጀምሮ ትመታለህ፣ ቅዳሜ ማታ ከማሲንቆ መቺ ጓደኛህ ጋር አዝማሪ ቤት ትሰራለህ፣ ከበሮና ጭብጨባው ሲገባ ግን ክራርህ አይሰማም። በዛ ላይ ብሉግራስ የሚባለውን የአሜሪካኖቹን ሙዚቃ ዩቲዩብ ላይ አይተህ ልብህ ሄዷል። አክስትህ ለጥምቀት ከአሜሪካ ትመጣለች፣ እስከ 400 ዶላር አወጣልሃለሁ ብላለች። ፒያሳ ደግሞ አንድ ሰውዬ ሆዱ ክብ የሆነ አሮጌ ማንዶሊን በ18 ሺ ብር ውሰደው ብሎሃል። ማንዶሊን ነው ባንጆ፣ የትኛው አይነት፣ የፒያሳውን ልግዛው ወይ ነው ያልከው።

እኔ እዚሁ ጎንደር ክራርና ጊታር አስተምራለሁ፣ አንገቱ የጎበጠ ሆዱ የተሰነጠቀ እቃ ሲመጣም እጠግናለሁ፣ ስለዚህ ምነግርህ ከመጫወቱም ከመጠገኑም በኩል ነው።

መልሱን ልቅደምልህ፣ ላንተ ባንጆ ነው። ባለ አምስት ክር፣ ጀርባው ክፍት የሆነው። የፒያሳውን ለጊዜው ተወው፣ እመለስበታለሁ። ማንዶሊን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለኛ ዜማም እንግዳ አይደለም፣ አየለ ማሞን የሰማ ሰው ማንዶሊን ትዝታን እንዴት አርጎ እንደሚያባባው ያውቃል። ግን አንተ ክራር መቺ ነህ፣ ጨዋታው ያለው እዛ ላይ ነው።

የክራር ሰው እጁ የለመደው ምን መሰለህ፣ ዘፈኑ ሲቀየር የክሩን ቅኝት ነው ምትቀይረው። ከትዝታ ወደ አምባሰል ስትሄድ መቃኛውን ታዞራለህ፣ ከዛ ጣቶችህ እዛው የነበሩበት ናቸው፣ ቅኝቱን ክሩ ይዞልሃል። የባንጆ ሰዎችም እንደዚሁ ናቸው፣ በተለይ የድሮውን የገጠር ስታይል የሚጫወቱት፣ ለአንድ ዘፈን አንድ ቅኝት ለሌላው ሌላ እያሉ ቀኑን ሙሉ መቃኛ ሲያዞሩ ይውላሉ። ማንዶሊን ግን ቅኝቱ አንድ ነው፣ ሶል ሬ ላ ሚ፣ ልክ እንደ ቫዮሊን። ዘፈኑ ሲቀየር ሚንቀሳቀሰው ጣትህ ነው፣ ክሩን ማንም አይነካውም፣ ስምንት ክር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለተቀመጠ በየዘፈኑ ልቃኘው ብትል ታዳሚው ሂሳቡን ከፍሎ ቤቱ ይገባል።

አሁን በእጅ እናሳየው። ባንጆ መደበኛ ቅኝቱ ሶል ሬ ሶል ሲ ሬ ነው፣ የመጀመሪያዋ ሶል አጭሯ አምስተኛ ክር ናት፣ መቃኛዋ አንገቱ መሀል አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ብረት) ጋር ነው የተሰካው፣ ድምጿ ከሁሉም ቀጭን ነው። በዚህ ቅኝት ላይ ሶል ላይ የተነሳ ትዝታ ሜጀር ማለት ሶል ላ ሲ ሬ ሚ ነው አይደል፣ ስለዚህ ክፍት ክሮቹ ሁሉም ትዝታ ውስጥ ናቸው፣ አንዷንም ሳትይዝ ብትገርፈው ትዝታ ይሸታል። ባቲ ሜጀርም ሶል ሲ ዶ ሬ ፋ ሻርፕ (ግማሽ ድምጽ ከፍ ያለ ፋ) ስለሆነ በዛው ቅኝት ይሄዳል። ትዝታ ማይነር ከፈለክ ሲዋን ግማሽ ድምጽ ታወርዳታለህ፣ አለቀ፣ ባቲ ማይነርም በዚችው ይገባል። አምባሰል ሲሆን ደግሞ ሲዋን ወደ ዶ ከፍ ታደርጋታለህ፣ ሶል ሬ ሶል ዶ ሬ ይሆናል፣ አምባሰል ከሶል ሲነሳ ሶል ላ ፍላት (ግማሽ ድምጽ የወረደ ላ) ዶ ሬ ሚ ፍላት ስለሆነ አሁንም ክፍት ክሮቹ በሙሉ ከቅኝቱ አልወጡም። ሚገርመው ይሄን ቅኝት አሜሪካ ያሉት የአፓላቺያ ተራራ ሰዎች ለራሳቸው የቆዘመ ዜማ ድሮም ይጠቀሙበታል፣ ሀዘንተኛ ድምጽ ሲፈልጉ እዛ ነው ሚሄዱት።

አንቺሆዬ ላይ ነው ሚከብደው። ሶል ላ ፍላት ዶ ሬ ፍላት ሚ ነው፣ ሬ ክፍቷን ከነካህ ወዲያው ይጣላል። ግን ለሱም መላ አለ፣ አራተኛዋን ሬ ወደ ዶ አውርዳት፣ ሲዋን ወደ ዶ፣ የመጀመሪያዋን ሬ ወደ ሚ አውጣት፣ ሶል ዶ ሶል ዶ ሚ ይሆንልሃል፣ ይሄም እነሱ ጋ የታወቀ ቅኝት ነው፣ ሁሉም ክር አንቺሆዬ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ሬ ፍላትና ላ ፍላት በጣት ትይዛቸዋለህ፣ ሌላው ክፍት ነው። የመጀመሪያዋን ክር ወደ ሚ ስታወጣት ቀስ እያልክ፣ አሮጌ ክር ከሆነች ፊትህ ላይ ነው ምትበጠሰው።

ያቺ አምስተኛዋ አጭር ክር ደግሞ አውራ ጣትህ ሲነካት ዝም ብላ ሶል ሶል ትላለች፣ ዜማው የትም ቢዞር እሷ ቤት ጠባቂ ናት። ክራር ገርፈህ የምትዘፍን ሰው ይሄ ወዲያው ነው ሚገባህ፣ ጊታር ተጫዋች ግን መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባዋል።

ማንዶሊን ላይ ያው ትዝታ ምን እንደሚመስል ልንገርህና አወዳድር። ሶል ክር ላይ ክፍቷ፣ ሁለተኛ ፍሬት፣ አራተኛ ፍሬት፣ ይሄ ሶል ላ ሲ። ሬ ክር ላይ ክፍቷ፣ ሁለተኛ፣ አምስተኛ፣ ሬ ሚ ሶል። ላ ክር ላይ ክፍቷ፣ ሁለተኛ፣ አምስተኛ፣ ላ ሲ ሬ። ሚ ክር ላይ ክፍቷ፣ ሶስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሚ ሶል ላ። አራቱም ክፍት ክር ትዝታ ሜጀር ውስጥ አሉ፣ ለዛ ነው ማንዶሊንና ትዝታ ሚዋደዱት። አምባሰል ከሶል ስታነሳ ግን ላና ሚ ክፍት ክሮች ውጪ ቀሩ፣ በስህተት ከነካሃቸው ዜማው ይበላሻል። እሱን ከላ ጀምረህ ብትጫወተው ሬ ላ ሚ ሶስቱ ይገባሉ፣ ይሄ ይሻላል። አንቺሆዬን ከየትኛውም ድምጽ ብታነሳው ከአራቱ ቢበዛ ሁለቱ ናቸው ሚገቡልህ፣ ያኔ ክፍት ክር ረስተህ ሁሉንም በጣት መያዝ ነው።

በሌላ በኩል ማንዶሊን ሚያሸንፍበት ቦታ አለ፣ እሱም ከዘፋኝ ጋር ነው። አዝማሪ ድምጹን ነው ሚከተለው፣ ዛሬ ከሶል ነገ ከላ ፍላት ይነሳል፣ ጉንፋን ከያዘው ደግሞ ሌላ ነው። ማንዶሊን መቺው ክፍት ክር ሳይጠቀም ከተለማመደ ያንኑ የጣት አቀማመጥ አንድ ፍሬት ከፍ ዝቅ አርጎ ይከተለዋል። ባንጆ ላይ አንገቱ ላይ ካፖ (ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ታስራለህ፣ ካፖው ግን አጭሯን አምስተኛ ክር አይደርስባትም፣ እሷን ለብቻዋ ከፍ ማድረግ አለብህ። ፈረንጆቹ አንገቱ ላይ ትንንሽ ሚስማር ይመቱና ክሯን እሱ ስር ያሾልኳታል፣ የሞዴል ባቡር ሀዲድ ሚስማር ነው ሚጠቀሙት። ይሄን ስራ ማንም እንዲሞክርብህ አትፍቀድ፣ የእጅ መሰርሰሪያ ትንሽ ካዘነበለ ፍሬቱ ጎን ይሰነጠቃል።

ድምጽን በተመለከተ፣ እንዳልከው ከበሮ ባለበት ቤት መሰማት ነው ዋናው ጉዳይህ። ባንጆ ገበቴ ላይ ቆዳ ተወጥሮ ክሮቹን ደግፎ የያዘው በርኩማ ቆዳው ላይ ነው የቆመው፣ ያው ክራር በለው፣ ዝምድናው ደግሞ በወሬ አይደለም፣ ባንጆን አሜሪካ ያደረሱት በባርነት የተጋዙት ምዕራብ አፍሪካውያን ናቸው፣ ሴኔጋልና ጋምቢያ ያሉት ጆላዎች አኮንቲንግ የሚባል ባለ ቆዳ የክር መሳሪያ እስከዛሬ ይጫወታሉ፣ እሱም አጭር ክር አለው። ቆዳ ስለሆነ ክሩ ሲመታ ድምጹ ወዲያው ይወጣል፣ ወዲያው ይሞታል። ከከበሮ ጋር ሚያስማማው ይሄ ነው፣ ምቱ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ማንዶሊን እንጨት ነው፣ ድምጹ ለስላሳ ነው፣ እሱም ቶሎ ስለሚሞት ረጅም ድምጽ ስትፈልግ ክር መምቻዋን ፒክ ወደላይ ወደታች እያፈጠንክ ማንቀጥቀጥ አለብህ፣ ትሬሞሎ ሚሉት። ዘገም ያለ ትዝታ ላይ ትሬሞሎ ያምራል፣ ግን ለማስተካከል ወራት ይፈጃል፣ የጀማሪ ትሬሞሎ ደግሞ ጆሮ ይበላል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፣ ባንጆ ዘፋኝ ይሸፍናል። ከማሲንቆ መቺው ጓደኛህ ጋር ስትሰራ እሱ ሲያንጎራጉር ምትህን ማሳነስ ይኖርብሃል፣ ካልሆነ የእሱ ቅኔ የለም፣ ያንተ ጩኸት ነው ሚቀረው። ጀርባው ክፍት የሆነውን ያልኩህ በዚህም ምክንያት ነው። ባንጆ ሁለት አይነት ጀርባ አለው፣ አንዱ ክፍት ነው ድምጹ ወደ ሆድህ ይገባና ይለዝባል፣ ሌላው ከኋላው የእንጨት ሳህን ሬዞኔተር ተገጥሞለት ድምጹን ወደ ሰው ይወረውረዋል። ብሉግራስ የሚባለውን ለብቻው የምትወድ ከሆነ ሬዞኔተር ያለው ነው ሚፈለገው፣ ባንጆ መቺው ኤርል ስክራግስ በ1945 መጨረሻ (በፈረንጅ) የብሉግራስ አባት የሚሉት ማንዶሊን መቺ የቢል ሞንሮ ባንድ ውስጥ ገብቶ በሶስት ጣት ሲያንጣጣው ነው ያ ሁሉ የጀመረው፣ እነሱ ብረት የጣት ፒክ ነው ሚያደርጉት። ግን ሬዞኔተር ያለው ከባድ ነው፣ 5 ኪሎ አካባቢና ከዛም በላይ ይሆናል፣ ቆመህ ሌሊቱን ሙሉ ትከሻህ ላይ አንጠልጥለኸው እየው። ክፍቱ በጣም ይቀላል። ሬዞኔተሩ ብዙ ባንጆ ላይ ሚፈታ ነው፣ ሚከፈት ካገኘች አክስትህ እሱም አይከፋም። ክፍቱ ደግሞ ሲጮህብህ ከኋላ በኩል ቆዳውና በውስጡ ባለው ዘንግ መሀል ጨርቅ ትወሽቃለህ፣ ማይክ ስታስጠጋውም ፉጨቱን ይቀንስልሃል።

የእጁ ነገር። ክራርን ገርፈህ ነው ደርድረህ ምትመታው? ገራፊ ከሆንክ ክሎሃመር የሚሉት ስታይል አለ፣ የጠቋሚ ጣት ጥፍር ጀርባ ክሩን ወደታች ይመታል፣ አውራ ጣት አምስተኛዋን ይይዛታል፣ ምንም ፒክ አያስፈልግም። ደርዳሪ ከሆንክ ጣቶችህ በየተራ ክር መንካት ስለለመዱ የሶስት ጣቱ ይቀልሃል። ክራር ላይ ከሰራህበት አንዱም ከዜሮ አይጀምርም። ማንዶሊን ላይ ግን ቀኝ እጅህ የሚያውቀው ነገር ትንሽ ነው፣ ፒክ ብቻ ነው። ማሲንቆ መቺ ለሆነ ሰው ደግሞ ምክሬ ሌላ ነበር፣ ግራ እጁ አንድ ክር ላይ መንሸራተት ስለለመደ ፍሬት ያለው ሁሉ መጀመሪያ ያስጠላዋል፣ እሱን ቫዮሊን ብለው ይሻላል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ዋጋ ሚለዋወጥ ስለሆነ ግምት አርገህ ያዘው። ከ150 ዶላር በታች ያለው ሁለቱም ጋ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ግን እኩል አይጎዱም። ርካሽ ባንጆ ማስተካከል ይቻላል፣ ቆዳው ዙሪያውን በብሎን ስለሚወጠር ታጠብቀዋለህ፣ በርኩማው ትንሽ እንጨት ናት የተሻለች ታስቀምጣለህ፣ ክሩን ትቀይራለህ፣ ድምጹ ሌላ ይሆናል። ርካሽ ማንዶሊን ግን የላይኛው ሆዱ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ምንም ብታደርግ ድምጹ እንደታፈነ ይኖራል። ይሄ እንደ ጠጋኝ ዋናው ምክንያቴ ነው፣ ገንዘብህ ትንሽ ከሆነ ባንጆ ይምርሃል ማንዶሊን ግን አይምርህም።

እስከ 400 ዶላር ባለው ውስጥ ባንጆ ብዙ ምርጫ አለ። ሪኮርዲንግ ኪንግ የሚባለው ጀርባ ክፍት አለው በ300 አካባቢ ይገኛል፣ ጎልድ ቶን የሚባለውም አለ። ካሊፎርኒያ የሚሰራው ዲሪንግ ጉድታይም አዲሱ ከዚህ ያልፋል፣ 600 ቤት ነው፣ ያገለገለ ግን አክስትህ ካገኘች ውሰጂ በላት፣ 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም፣ ቀላልና ጠንካራ ነው። ማንዶሊን ሲሆን በዚህ ገንዘብ ሮቨርና ኬንታኪ ከሚባሉት ታች ያሉት ሞዴሎች ናቸው፣ የላይኛው እንጨት ሙሉ እንጨት እንጂ ኮምፔንሳቶ አይሁን በላት፣ ትንሽ ጨምራ ወደ 600ና 700 ከሄደች ኢስትማን አለ፣ የላይኛው እንጨት ተጠርቦ የተሰራ ነው፣ እዛ ላይ ማንዶሊን ማንዶሊን መሆን ይጀምራል።

ማንዶሊን ለመግዛት ለምታስቡ ሌሎቻችሁ አንድ ነገር፣ ቅርጹ ሁለት ነው፣ አንዱ የእንባ ጠብታ ሚመስል ኤ ሚሉት፣ ሌላው ላይኛው ትከሻው ላይ ጥቅልል ያለው ኤፍ ሚሉት። ቢል ሞንሮ ይጫወተው የነበረው በ1923 የተሰራ ጊብሰን ኤፍ 5 ስለሆነ ሁሉም ያንን ጥቅልል ይፈልጋል። ያ ጥቅልል ድምጽ ላይ የሚጨምረው እዚህ ግባ ሚባል ነገር የለም፣ ለመጥረብ ግን ብዙ ሰአት ስለሚወስድ ዋጋውን ያንረዋል። ስለዚህ 300 ዶላር ላለው ሰው ኤፍ መግዛት ማለት ለጥቅልሉ ከፍሎ ሆዱን ኮምፔንሳቶ መውሰድ ነው። ኤ ግዙ። ቀዳዳውም ሁለት አይነት አለው፣ እንደ ቫዮሊን ሁለት ረዣዥም ቀዳዳ ያለው ድምጹ ሹል ነው ከሌሎች ጋር ሲጫወቱ ይወጣል፣ እንደ ጊታር መሀል ላይ አንድ ክብ ወይ ሞላላ ቀዳዳ ያለው ደግሞ ሞቅ ያለ ነው፣ ብቻህን ቤት ትዝታ ለምታንጎራጉር እኔ ሁለተኛውን ነው ምመርጥልህ።

ባለ ስድስት ክር ባንጆ የሚባልም አለ፣ የጊታር ቅኝት ነው፣ ጊታር ለሚችል ሰው ቶሎ ይመቻል፣ ግን ያቺ አጭር ክር የለችውም፣ ያለሷ ያ የባንጆ ማለቂያ የሌለው ሶል ሶል የለም፣ ላንተ አልመክርም። ባለ አራት ክር ቴነር ባንጆ ግን መጥቀስ አለብኝ፣ አየርላንዶቹ ሶል ሬ ላ ሚ አርገው ይቃኙታል፣ ከማንዶሊን አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል፣ በፒክ ነው ሚመታው፣ ማንዶሊን የሚችል ሰው በዛው ጣት አቀማመጥ ይጫወተዋል። ወደፊት ሁለቱንም እፈልጋለሁ ካልክ መንገዱ እሱ ነው፣ ግን ቅድም ያልኩህን የመቀያየር ጥቅም ታጣለህ።

ስለ ፒያሳው ማንዶሊን። ሆዱ ክብ የሆነው የናፖሊ አይነት ነው፣ የጣሊያኖቹ። ያረጀ ክብ ማንዶሊን ሲያምር ያምራል፣ ግን ብዙዎቹ አንገታቸው ውስጥ ማስተካከያ ብረት የለም፣ ክሩ በዘመን ብዛት አንገቱን ወደፊት ከሳበው መፍትሄው አንገቱን ነቅሎ መልሶ መግጠም ነው፣ ያ ስራ ደግሞ ከእቃው ዋጋ ይበልጣል። የግድ ማየት ከፈለክ እንዲህ አድርግ፣ ሰውየው ፊት ሳታፍር። ከጭንቅላቱ በኩል ወደ ሆዱ እንደ ጠመንጃ አነጣጥረህ አንገቱን እየው፣ በጣም ትንሽ ብቻ ወደውስጥ ሊሰጥ ይችላል፣ ከዛ ካለፈ ወይም ከተጣመመ መልስለት። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለካ፣ 2 ሚሊ አካባቢ ይበቃል፣ 4 ሚሊ ከሆነ ጣትህ እስኪደማ ነው ምትጫወተው። በርኩማው ስር ያለው እንጨት ወደታች ጎድጎድ ብሎ እንደሆነ በአይንህ ዝቅ ብለህ እይ፣ ከጎደጎደ ውስጡ ያለው ድጋፍ ለቋል ማለት ነው። ከዛ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን ነካ አርገህ የሚወጣውን ቀጭን ድምጽ አድምጥ፣ ቀጥሎ እዛው ተጭነህ ምታው፣ ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው፣ ካልሆኑ በርኩማውን ወደፊት ወደኋላ ገፋ አርግ፣ ያልተጣበቀ ነው፣ ያለ ምንም መሳሪያ ይስተካከላል። ሻጩ ይሄን ሳያውቅ ቅኝቱ አይገጥምም ብሎ ዋጋ ያወረደ ሊሆንም ይችላል፣ ያኔ እድለኛ ነህ። ግን ይሄን ሁሉ አልፎ እንኳ 18 ሺ ብር ያንስ ዘንድ ተከራከር፣ ክብ ሆድ ደግሞ ጭን ላይ ይንሸራተታል፣ ወፍራም ክር ከጫንክበት ይፈርሳል፣ ቀጭን ክር ብቻ ነው ሚችለው።

ክር ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ ጎንደር የጊታር ክር ታገኛለህ፣ የማንዶሊንና የባንጆ ግን አክስትህ ሶስት አራት ጥቅል ይዛ ትምጣ፣ ቀላል ነው ክብደት የለውም። ሲያልቅብህ ከጊታር መላ ይመታል። ብዙዎቹ ባንጆና ማንዶሊን ጫፉ ቀለበት የሆነ ክር ነው ሚፈልጉት፣ የጊታሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የነሐስ ድቡልቡል በፒንሳ ጠምዝዘህ ስትሰብራት ቀለበቱ ይቀራል። ማንዶሊን ላይ የክሩ ውፍረት 10 እስከ 47 የሚል የጊታር ጥቅል ሁለት ገዝተህ ከያንዳንዱ አንደኛውን ለሚ፣ ሁለተኛውን ለላ፣ ሶስተኛውን ለሬ፣ አምስተኛውን ለሶል ብትጠቀም ከቀጭኑ የማንዶሊን ክር ጋር ተቀራራቢ ነው። ባንጆ ላይ ደግሞ አንደኛዋና አጭሯ አምስተኛዋ አንድ አይነት ቀጭን ናቸው፣ የኤሌክትሪክ ጊታር 10 ቁጥር ለሁለቱም ይሆናል። ወፍራም የጊታር ክር ግን አትጫንበት።

የአየሩ ጉዳይ ጎንደር ላለ ሰው ያሳስባል። ማሲንቆ መቺ ጓደኛህ ክረምት ላይ ቆዳው ሲላላበት እሳት ዳር ሲያሞቀው አይተኸው ይሆናል፣ የድሮ ባንጆም ቆዳው የጥጃ ስለነበር ያው ችግር ነበረበት። አሁን ግን አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፣ ዝናብ አያላላውም። አንዳንዱ ለድምጹ ለስላሳነት ብሎ የእውነት ቆዳ ያስገጥማል፣ ላንተ አይሆንም፣ ሐምሌ ላይ በየሰአቱ ስትወጥር ትውላለህ። እንጨት የሆነው ማንዶሊን ደግሞ በተቃራኒው በጋ ላይ ነው ሚጎዳው፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ አየር ሙሉ እንጨት የሆነውን ሆድ ይሰነጥቃል፣ ያለህ ሰው ከሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ቀዳዳ ባለው የሳሙና እቃ ከተህ አስቀምጥ፣ ውሃ ሚንጠባጠብ እንዳይሆን።

አክስትህ ስታመጣው ደግሞ እጇ ላይ ይዛው ትግባ፣ ሁለቱም በጨርቅ ቦርሳ ከሆነ አውሮፕላኑ ላይ ከላይ ያለው መደርደሪያ ይገባሉ ብዙ ጊዜ፣ ማንዶሊኑ ያለጭንቅ፣ ባንጆው ረጅም ስለሆነ ቀድማ ብትሳፈር ይሻላል። ክሩን ትንሽ ላላ ታርግ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አትፍታው፣ ክሩ ከላላ በርኩማው ይወድቃል፣ በርኩማው ያለበትን ቦታ ከመነሳቷ በፊት ቆዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ታርግበት። በተረፈ ካፖ አንድ፣ መለዋወጫ በርኩማ አንድ፣ የቆዳውን ብሎን ማጥበቂያ ቁልፍ አንድ ትያዝ፣ ቁልፉ ሚረሳው እሱ ነው፣ ሳይኖርህ ቆዳውን በፒንሳ ልታጠብቅ ብትሞክር የብሎኑን ጭንቅላት ትበላዋለህ። እስከዛ ድረስ ክራርህ ላይ በሶል ቃኝተህ አውራ ጣትህን አንዷ ክር ላይ ብቻ እያስመታህ ሌሎቹን ለዜማ አለማምድ፣ ባንጆው ሲመጣ ቀኝ እጅህ ግማሹን መንገድ ሄዶ ይጠብቀዋል። የፒያሳውን ሄደህ ካየኸውም የአንገቱን ፎቶ ከጎን አንስተህ ላክልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።